ማህሙድ አህመድን እናውቃለን፤ ማህሙድ አማንንስ?

ስለ ሙዚቃ ስናወራ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው የድምፃዊው ስም ነው። ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ ብዙነሽ፣ አስቴር እንላለን። ከኋላቸው ቆሞ ጊታር የመታው፣ ክራር የደረደረው፣ መሰንቆ የገዘገዘው ሰው ግን ለብዙዎቻችን ስም የለውም። የካሴቱ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ ጎልቶ ይታያል፤ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ የባንዱ ስም ብቻ ይጻፋል። ባንዱ ውስጥ ጊታሩን የያዘው ማን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሳሎን ውስጥ የምንሰበሰብ ሰባት የሙዚቃ ወዳጆች ነን። ማኅበር አይደለም፤ ሰብሳቢም ጸሐፊም የለውም። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ አንድ ያረጀ የሸክላ ማጫወቻና ሁለት ቴፕ አሉ። ከእኔ በስተቀር ሁሉም ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ናቸው። የቤቱ ባለቤት ነርስ የነበሩ ሴት ሲሆኑ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን።

በቅርቡ እትዬ አዲስ ደንብ አወጡ። «በሚቀጥለው ወር የድምፃዊ ስም ይዞ መምጣት የለም፤» አሉ። «እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን ተጫዋች ይዛችሁ ኑ። ጊታርም ይሁን ክራር፣ በገናም ይሁን መሰንቆ። ድምፁን ሳይሆን ጣቱን የምትወዱለትን ሰው።»

ቀላል መስሎን ነበር። በዚያ እሑድ የሰማሁት ግን ስለ ሙዚቃ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻችንን ስለምናሳድግበት መንገድም ነበር። ለዚህ ገጽ አንባቢ ወላጆችና አያቶች ይጠቅማል ብዬ እንዲህ ጻፍኩት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ንጋት የዘለቀ ጊታር

መጀመሪያ የተናገሩት በወጣትነታቸው የሆቴል አስተናጋጅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ይዘውት የመጡት ስም ሰላም ሥዩም ነው፤ የአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታር ተጫዋች።

አይቤክስ ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»ን በ1975 የተቀረጸው ከዚሁ ባንድ ጋር ነበር። ይህ ሥራ በ1986 ቤልጂየም ውስጥ በሸክላ ታትሞ ወጣና ብዙ አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙበት ሆነ። በ1997 የተጀመረውና ከሠላሳ ቅጾች በላይ የደረሰው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይም ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል።

ሽማግሌው ግን አውሮፓን አላነሱም። ያነሱት ሰዓት እላፊውን ነው። በደርግ ዘመን ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል፣ ለመደነስ የገባ ሰው ሲነጋ ነው የሚወጣው። ባንዱም ሲነጋ ነው የሚያቆመው።

«ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ይደክመዋል፤» አሉ። «ዘፋኙም ይቀመጣል። የሚዘፍነው ይጠፋል። ያን ጊዜ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ የምሰማው እሱን ነበር። አይጮህም፤ ዝቅ ብሎ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ያዞረዋል። ውጭ ያለውን ፍርሃት የሚያስረሳኝ ያ ነበር። ቤት ስገባ ለባለቤቴ በአፌ እየተጫወትኩ አሰማት ነበር። ለልጆቼ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ?»

ሁለቱ ማህሙዶች

ቀጥሎ የተናገሩት የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ሸክላ ከቦርሳቸው አወጡና ዙሪያችንን እያዩ ጠየቁን፦ «ማህሙድ አህመድን የማያውቅ አለ?»

ሳቅን። ማን አያውቅም?

«ማህሙድ አማንንስ?»

ዝም አልን። ከሰባታችን ስሙን የሰማነው ሁለት ብቻ ነበርን።

ማህሙድ አማን የዋልያስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነው። ዋልያስ ሒልተን ሆቴል የሚጫወት ባንድ ነበር። በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ያለ ድምፃዊ የተሠራ ሸክላ አሳተመ። መምህሩ የያዙት ያንን ነበር። ባንዱ ውስጥ ኦርጋን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ፣ በዚህ ሥራ ቫይብራፎን የተጫወተው ሙላቱ አስታጥቄ፣ ባስ ጊታር የያዘው መላከ ገብሬ ነበሩ። ሸክላውን ስናዳምጥ እትዬ አንድ ነገር ብቻ አዘዙን፦ «ጊታሩን ብቻ ተከተሉ።» ይህን ዜማ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጊታሩን ለይቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከተልኩት ግን ያን ቀን ነው። ከኦርጋኑ ሥር ሆኖ ችክችካውን እንደ መሠረት ድንጋይ ይይዘዋል። እሱ ቢወጣ ሁሉም ነገር ይንሳፈፋል።

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ። ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያም አንዱ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረው ኃይሉ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 አኮርዲዮን ይዞ ለብቻው የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አቀፍ መድረኮች በሩን አንኳኩ። ዕድሜው ስልሳዎቹን ተሻግሮ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ።

መምህሩ ይህን ሲናገሩ የጨመሩት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «በእሱ ታክሲ የሄደው ሐበሻ ብዙ ነው። ስንቱ ሰው ነው የሾፌሩን ስም የጠየቀው?»

«ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም» የሚለው አባባል ትዝ አለኝ። ለተጫዋቾች ሲሆን ግን ሄደውም ሞተውም የማይመሰገኑበት ጊዜ አለ።

ክራር፣ በገናና የሌላ አገር ዕቃ

እትዬ የመረጡት አስናቀች ወርቁን ነው። «እሷማ ድምፃዊት ናት፤ ደንቡን ራስዎ ጣሱት» ብለን ተከራከርን። «የለም፤» አሉ። «አስናቀች ስትዘፍን ክራሩ አጃቢ አይደለም። አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ክራሩ ይመልስላታል። እኔ የምሰማው መልሱን ነው።»

አስናቀች ከቴአትር መድረክ ፈር ቀዳጅ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መቆሟ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ትተውን ነበር፤ ክራሯን ይዛም ትዘፍን ነበር። «ኢትዮፒክስ» አሥራ ስድስተኛውን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሰጥቷል። በ2011 ስታርፍ ስንቶቻችን ከትወናዋ ይልቅ ጣቷን እንዳስታወስን አላውቅም።

ስለ ክራር ሲነሳ ሁልጊዜ አንድ ክርክር ይነሳል። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ የሆኑት፣ ቤተ ክርስቲያን የማያጓድሉት እማማ፣ ክራር «የዓለም ዕቃ ነው» ይላሉ። እሳቸው ይዘው የመጡት ስም መምህር ዓለሙ አጋ ነው፤ በገና ደርዳሪው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ አባቶች ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ያዛምዱታል። አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል። እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል ስትገባ ያንን የሚርገበገብ፣ ከደረት የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ትሰጠዋለች። መምህር ዓለሙ በልጅነታቸው በገናን የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ አለቃ ተሰማ በአካባቢያቸው ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ለማስተማር ሲመጡ። በኋላ እሳቸውም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው አስተማሩ። በደርግ ዘመን ግን የበገና ትምህርት ከትምህርት ቤቱ ወጣ፤ መምህሩም ሥራቸውን ለቀቁ።

«ዐቢይ ጾም ሲገባ ሬዲዮ ላይ በገና እንሰማ ነበር፤» አሉ እማማ። «እናቴ ያን ጊዜ እህል እየለቀመች እንባዋ ይወርዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ምን ያስለቅሳታል እያልኩ እገረም ነበር። አሁን እኔም አለቅሳለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ደግሞ ይገረማሉ። ነገሩ መተላለፉ አልቀረም።»

አስመራ ተወልደው ያደጉት አባል ደግሞ ተወልደ ረዳን አነሱ፤ የኤሌክትሪክ ጊታርን ቀድመው ካነገቡት ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን። «እናንተ አዲስ አበባን ብቻ ታወራላችሁ፤» ብለው ቆጡን። ልክ ነበሩ። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው ቢኖር ኖሮ ደግሞ አሊ ቢራን ያነሳ ነበር፤ ዑድና ጊታር ይዞ በኦሮምኛ የዘፈነውን፣ በ2022 ያረፈውን።

እኔ ይዤ የሄድኩት የማንዶሊኑን ሰው፣ አየለ ማሞን ነው። ማንዶሊን ከሌላ አገር የመጣ ትንሽ ባለ አውታር ዕቃ ነው፤ ግን በእሳቸው እጅ ሲሆን የእኛ ክራር ዘመድ ይመስላል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር የአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ሲመሠርት በ1950ዎቹና 60ዎቹ የነበሩትን ዜማዎች በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮንና በክላርኔት መልሶ ለመሥራት ነበር። ማንዶሊኑን እንዲይዙ የጠራው አንጋፋውን አየለ ማሞን ነው። የአልበሙ ስም «ትውስታ» ነው። ይህን ቡድን የምወደው ለዚህ ነው፦ ወጣቱ ሽማግሌውን መድረክ ላይ አስቀምጦ ሸለመውና አልተሰናበተውም፤ አብሮት ተጫወተ።

ለመሆኑ የውጭ አገር ጊታር እንዴት የእኛ ሆነ? መምህሩ ለማስረዳት ቀላል መንገድ አላቸው። ጊታር በአንድ እርከን ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፆች አሉት። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የእኛ አገር ጊታር ተጫዋች ዋና ሥራው መምረጥ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን መተው። «አዋቂነቱ የሚለካው በነካው ብቻ አይደለም፤ ባልነካውም ነው፤» ይላሉ። ክራር የሚያውቅ ጆሮ ይህን በቶሎ ይረዳል፤ ክራር ተጫዋች ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሄድ አውታሮቹን ራሱ ይቃኛልና።

እሳት ውስጥ የገባው ክራር

የመጨረሻው ተናጋሪ ባንክ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ይዘውት የመጡት ስም ካሳ ተሰማ ነው። ታላቁን ክራር ደርዳሪ ስንሰማ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ሰውዬው ግን ካሴቱን ከማስገባታቸው በፊት አንድ ታሪክ ነገሩን።

አሥራ አራት ዓመታቸው እያለ ከጣሳና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ክራር ሠሩ። ቆዳ ስላላገኙ የጣሳው ክዳን ራሱ ያስተጋባል። ለሦስት ወር በጓሮ በድብቅ ተለማመዱ። አንድ ቀን አባታቸው ሰሟቸው።

«አዝማሪ ወለድኩ?» አሉ አባትየው። ክራሩን ተቀብለው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። እንጨቱ ነደደ፣ ጣሳው ጠቆረ፣ ሽቦው እሳቱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲቀላ ልጁ ቆሞ አየ።

«የሚገርመው ይህ አይደለም፤» አሉ። «የዚያን ዘመን አባት እንዲህ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። አባቴ ቅዳሜ ማታ ሬዲዮ ላይ የካሳ ተሰማ ክራር ሲመጣ ቤቱን ጸጥ ያሰኝ ነበር። ማንም እንዳይናገር። አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ አንዳንዴ ዓይኑን ይጠርጋል። ካሳ ተሰማን የወለደ አባት አለ ብሎ ግን አላሰበም።»

ይህን ሲናገሩ ሊወስዳቸው የመጣው ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሱ የአርባ ዓመት ሰው ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ጊታር ግዛልኝ እያለች ዓመት ሆኗታል። እሱ ደግሞ «መጀመሪያ ፈተናሽን» እያለ ቆይቷል።

«አባዬ፣ ይህን ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ?» አለ።

«አልጠየቅከኝም፤» አሉ አባትየው። ቀጥለው ደግሞ «እኔም እንዳትጠይቀኝ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሰማነው የቡና ሲኒ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ እትዬ ካሴቱን አስገቡት።

የሌላ ሰው ልጅ ሲጫወት

ወደ ቤቴ ስመለስ የተከተለኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ እኛ የምንወደው የሌላ ሰው ልጅ ሲጫወት ነው። በሠርጋችን፣ በሬዲዮናችን፣ በመኪናችን ተጫዋች እንፈልጋለን። የእኛ ልጅ ያንን ዕቃ ሲያነሳ ግን «ቁም ነገር ያዝ» እንላለን። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የምንጠቀም እኛው ነን፤ በዚያው አዝማሪ መሰንቆ የምናለቅሰውም እኛው ነን። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከውጭ የመጣ ሰው ግን ወርቁን ሲያውቀው አይተናል። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ላይ ሰበሰበ። ከተጫዋቾቹ አንዱ መሰንቆኛው ጌታመሳይ አበበ ነበር። በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት የመጣ ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት መሰንቆን ከጌታመሳይ ተማረ። በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ዞሮ ሲጫወት እሱም አብሮ ነበር። የዚያ ወጣት ወላጆች ልጃቸው አፍሪካ ሄዶ ባለ አንድ አውታር ዕቃ ሲማር ምን እንዳሉ አላውቅም። እዚህ አገር በዚያው ዘመን ስንቱ ልጅ ያንኑ መሰንቆ በማንሳቱ እንደተገረፈ ግን ከእኛ ሳሎን ሽማግሌዎች ሰምቻለሁ።

ሙላቱ አስታጥቄም ወላጆቹ ወደ ዌልስ የላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር። ልጁ ወደ ሙዚቃ ዞረ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኢትዮ ጃዝም ከዚያ መጣ። እያንዳንዱ ጊታር የጠየቀ ልጅ ሙላቱ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው አይሆንም። ሐኪም፣ ሾፌር፣ ነጋዴ ይሆናል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የሚያነሳው ነገር ይኖረዋል። ያም ትንሽ ነገር አይደለም። የባንክ ቤቱ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የሰው ገንዘብ በሐቀኝነት ቆጥረዋል፤ ማታ የሚያነሱት ክራር ግን አልነበራቸውም።

በቤታችሁ ምን ማድረግ ይቻላል?

ከሰባታችን ልምድ የተሰበሰበ ነው፤ ወጪ የሚጠይቅ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል።

አንደኛ፣ አያትን ጠይቁ። «የምትወደው ዘፋኝ ማን ነው?» አትበሉ፤ የሚታወቅ መልስ ነው የምታገኙት። «ዘፋኙ ዝም ሲል የምትሰማው ማንን ነበር? የት ነበርክ? ከማን ጋር ነበርክ?» በሉ። ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ሙሉ ምሽት ያስወራሉ። በስልክ ቅረጹት። ዕድሜ የጠገበ ሰው የቅርቡን ሲረሳ እንኳ የወጣትነቱን ዜማ አጥብቆ ይይዛል። ወሬ ያቋረጡ አያት ካሏችሁ መጀመሪያ ሙዚቃውን ክፈቱላቸው፤ ቀጥሎ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ካሴቶቹን አድኑ። ፀሐይና ሙቀት ካለበት ቦታ፣ ከድምፅ ማጉያ አጠገብም አንሷቸው፤ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ። ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳባቸው። ክሩ የላላውን የጥንቱን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ቢክ እስክርቢቶ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ሽፋኑ ላይ ድምፃዊውን ብቻ አትጻፉ፤ ባንዱንና የምታውቁትን ተጫዋች ሁሉ ጻፉ። አያት «ይህ ጊታር የእከሌ ነው» ካሉ ያንኑ ጻፉ።

ሦስተኛ፣ አንድ ዜማ ከልጆች ጋር ሆናችሁ ሦስት ጊዜ ስሙ። መጀመሪያ ሁሉንም፣ ቀጥሎ ጊታሩን ወይም ክራሩን ብቻ፣ በመጨረሻ ባሱን ብቻ። ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ማን ቀድሞ ይለያል? ለጆሮ ግን ትልቅ ትምህርት ነው። በእኛ ቤት የሰባት ዓመቷ ልጅ ከሁላችንም ቀድማ ትለያለች።

አራተኛ፣ ጊታር የሚጠይቅ ልጅ ካለ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት በክራር ጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት አውታር ነው፤ ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ ቅኝቱን በጆሮ ያስለምዳል። ወደ ጊታር ሲሻገር የትኞቹን አምስት ድምፆች እንደሚፈልግ ጣቱ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ቤተሰብ ከሆነ በገናን የሚያስተምሩ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉ። ትምህርቱ ከመደበኛው ትምህርት ጋር የሚጋጭበትን ሰዓት አትምረጡ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።

የባንክ ቤቱ ሰው ልጅም እንዲሁ ነው ያደረገው። ለፈተናው ሰዓት ሰጠ፤ ለቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ክራር ገዛ። ጊታሩ ውጤት ከወጣ በኋላ ነው ተባለ። ልጅቱ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተደሰተችም፤ እሷ የፈለገችው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። አያቷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ አዲስ አውታር ሲጠበቅም እሳቸው ናቸው የሚይዙላት።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ደንቡ እንዳለ ይቀጥላል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ተጨምሯል። የተነሳው ተጫዋች ስም፣ የያዘው ዕቃና ያስታወሰው ሰው ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰባት ስሞች አሉ፤ ማህሙድ አማን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ስምንተኛውን እናንተ ንገሩን። ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ማንን ነበር የሚሰሙት? ጠይቋቸውና ለዝግጅት ክፍላችን ጻፉልን።